ታሪክ የሌለው ቁም ሳጥን

ስልከኛዋ ዕቃዎቿን ማከፋፈል የጀመረች ሰሞን ሰፈሩ በሙሉ በደስታ ፈነደቀ። ብዙም ሳይቆይ ግን ያው ሰፈር በእሷ በር ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመረ።

ንፉግ ሆና አይደለም። ከእሷ የበለጠ ለጋስ ሴት ፀሐይ አይታ አታውቅም፤ አይታለች የሚል ካለ ስሟን ይንገረኝ። ችግሩ ስልከኛዋ ዕቃን ለብቻው አለመስጠቷ ነው። ከነታሪኩ ነው የምትሰጠው። ማንቆርቆሪያ ልውሰድ ብሎ የመጣ ሰው ወንበር ይሰጠውና፣ ማንቆርቆሪያው ከየት እንደተገዛ፣ ክዳኑ በማን ጥፋት እንደጠፋ፣ የአሁኑ ክዳን በፊት የማን ድስት ክዳን እንደነበረ፣ የድስቱ ባለቤት ከባሏ ጋር በምን እንደተጣላች ሰምቶ ሲጨርስ ብቻ ማንቆርቆሪያውን ታቅፎ ይወጣል። አንዲት ጎረቤት ጭልፋ ለመቀበል በጠዋት ገብታ ስትወጣ ልጆቿ አድገው ጠበቋት ተብሎ ይወራል። ይህ እንኳ ትንሽ ተጋኗል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ተመልሰው በር ላይ ተቀምጠው ነው የጠበቋት።

«እማዬ፣ በእናትሽ ዝም ብለሽ ስጪያቸው!» ትላታለች ልጇ።

ልጇ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ስትገባም ሰዓቷን ታያለች፣ ስትወጣም ሰዓቷን ታያለች።

«ዝም ብዬማ ከሰጠሁ ጣልኩት እንጂ ምኑን ሰጠሁት?» ትላለች ስልከኛዋ። «ታሪኩን የማያውቅ ሰው ነገ ይሸጠዋል።»

ቤቱ ሰፊ ነው፤ የአባቷ ቤት። ተወልዳበታለች፣ አግብታበታለች፣ ባሏን ቀብራ የተመለሰችው ወደዚሁ ነው። አሁን ግን ጉልበቷ ከደረጃው ጋር ተኳረፈ፤ ጣሪያውም በየክረምቱ አዲስ ቦታ ማፍሰስ ለመደ። ልጇ ቤት አንዲት ክፍል ተዘጋጅታላታለች፤ አልጋ፣ ወንበር፣ መስኮት፣ በቃ። ቤቱን መዋዕለ ሕፃናት ሊከፍቱ የተከራዩት ሰዎች ቅዳሜ ቀለም ቀቢ ያስገባሉ። እስከዚያ ባዶ መሆን አለበት።

ባዶም ሆኖ ነበር፤ ከአንድ ነገር በስተቀር።

በመኝታ ክፍሏ ግድግዳ ላይ አንድ ቁም ሳጥን ቆሟል። ቁም ሳጥን ማለት እንኳ ያሳንሰዋል። ቤቱ በእሱ ዙሪያ የተሠራ እንጂ እሱ በቤቱ ውስጥ የተሠራ አይመስልም። መሳቢያዎቹ በአንድ ጣት ስበት ይከፈታሉ፤ በሮቹ ሲዘጉ ድምፅ የላቸውም። የትም ቦታ ቢፈለግ አንዲት ሚስማር አይገኝበትም።

ሐሙስ ጠዋት የጫኝና አውራጆቹ አለቃ፣ አንገቱ ከትከሻው የማይለይ ግዙፍ ሰው፣ ሰዎቹን አሰልፎ መጣ። በግራ ሞከሩት። በቀኝ ሞከሩት። አጋድመው ሞከሩት። በስተመጨረሻ አለቃው ላቡን በክንዱ ጠርጎ በሩን አየ፣ ቁም ሳጥኑን አየ፣ እንደገና በሩን አየ።

«እማማ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው የገባው?»

«አልገባም። እዚሁ ነው የተሠራው።»

«ማነው የሠራው? እግዜር ይይለት እንጂ ከበሩ እኮ ይሰፋል!»

«ይሰፋል» አለች ስልከኛዋ፣ ስለ ልጇ ቁመት እንደሚነገራት እናት ፈገግ ብላ።

«መፍትሔው አንድ ነው» አለ አለቃው። «ነገ መጋዝ ይዘን መጥተን ለሁለት እንቆርጠዋለን።»

ስልከኛዋ ሄዳ ጀርባዋን ለቁም ሳጥኑ ሰጥታ ቆመች። እጆቿን አልዘረጋችም፤ ብቻ ቆመች። አለቃው ሰዎቹን በዐይኑ ጠርቶ ወጣ።

ልጇ በሩን ዘጋች። «እማዬ፣ የአባዬን መነጽር ሰጥተሻል። የእኔን የልጅነት ጫማ ሰጥተሻል። ይሄ እንጨት ምን ቢሆን ነው? እስቲ ታሪኩ ምንድን ነው?»

ስልከኛዋ ከቁም ሳጥኑ ላይ አቧራ በመዳፏ ጠረገች።

«ታሪክ የለውም» አለች።

ልጅቱ አፏን ከፍታ ቀረች። በዚያ ቤት የተሰበረ ማበጠሪያ እንኳ የግማሽ ቀን ታሪክ ነበረው።

ልጇ ወደ ሥራ ስትሄድ ስልከኛዋ የቁም ሳጥኑን ቀኝ በር ከፈተች። አሁን ባዶ ነው። ጭንቅላቷን ወደ ውስጥ አስገብታ አሸተተች። እዚያ ጥግ ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ ትንሽ የሰጋቱራ ሽታ አለ። ሌላ ሰው ላይሸተው ይችላል። ለእሷ ይሸታታል።

ያን ጊዜ ገና ስልከኛ አልነበረችም፤ የስልክ መስመር አገናኝ ልትሆን ሥልጠና ላይ ነበረች። አባቷ ለልብሷ የሚሆን አንድ ደህና ቁም ሳጥን ይሠራላት ብለው አንድ ወጣት አናጢ አመጡ። ክረምት ነበርና እንጨቱ ጓሮ እንዳይረጥብ ሥራው ክፍሏ ውስጥ ይሁን አሉ። ስንት ነገር በዝናብ ይመጣል!

ልጁ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ ሰጋቱራ የማይጠፋ ነበር። ጉራው ግን ከቁመቱ ይበልጣል።

«ሚስማር አልያዝክም እንዴ?» አለችው የመጀመሪያ ቀን፣ በር ላይ ተደግፋ።

«ሚስማር ለማይችልበት ነው» አለ፣ ቀና ሳይል። «እንጨት ከእንጨት ጋር ከተስማማ ብረት መሃል ምን አስገባው?»

«ቢላቀቅስ?»

ያን ጊዜ ቀና አለ። ዐይኑ ዐይኗ ላይ አረፈ፤ አልተነሣም። «እኔ ያገጣጠምኩት አይላቀቅም።»

ሰፈርተኛው ይህን ጉራውን ሰምቶ ሊያበሽቀው «ሚስማሬ» የሚል ስም አወጣለት። እሱ እንደ ማዕረግ ተቀበለው።

እሷ ከሥልጠናው ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች የስልከኛ አነጋገር ትለማመዳለች። ድምፅ መቃናት አለበት፣ መለስለስ አለበት፣ መንቀጥቀጥ የለበትም።

«ተገናኝተዋል፤ ይነጋገሩ!» ትላለች።

ከቁም ሳጥኑ ሆድ ውስጥ ድምፅ ይመጣል፦ «እሺ፤ ከማን ጋር?»

«ዝም በል፣ ሥራህን ሥራ!»

«አገናኝተሽኝ ሰው ከሌለ ጥፋቱ የማን ነው?»

አባቷ በሌላው ክፍል ጋዜጣ ይዘው ይሳላሉ። እሷ አፏን በእጇ ትይዛለች።

ሥራው የማያልቅ ሆነ። ትንሿ ቁም ሳጥን ትልቅ ሆነች፤ መሳቢያ ተጨመረላት፣ ከላይ ኮፍያ መደርደሪያ ተጨመረላት፣ ኮፍያ ለማያደርግ ቤተሰብ። ጎረቤቶች መርከብ እየተሠራ ነው አሉ። አባትየው ሥራውን አይተው «ይሄ ልጅ በሩን ለክቷል?» ብለው ጠየቁ። ለክቷል ወይስ አልለካም የሚለውን እሷ ታውቃለች። ለማንም ግን ተናግራ አታውቅም።

የመጨረሻው ቀን መጣ። ልጁ መሮውን፣ መጋዙን፣ መላጊያውን አንድ በአንድ ጠርጎ አንድ በአንድ ሰበሰበ። እንዲህ ቀስ ብሎ ዕቃ የሰበሰበ ሰው በዓለም ላይ የለም። ሲጨርስ እዚያው ቆመ፤ የመሣሪያ ሳጥኑን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወረ።

«ይሄ ቁም ሳጥን ያለ እኔ ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለ። «ከዚህ ቤት የምትወጪ ቀን ትጠሪኛለሽ።»

እሷ ቀሪውን ጠበቀች። እሱም እንድትጠይቀው ጠበቀ። በመሃላቸው አንድ ቃል ብቻ ነበር የጎደለው፤ ሁለቱም ሌላኛው ይናገራት ብለው ተዉአት።

ወጥቶ ሲሄድ እሷ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት የምትወጣው መቼ ነው? ስታገባ ነው። እንግዲህ ለሌላ ሰው ሲድሯት መጥቶ ዕቃዋን ሊፈታላት ነው ማለት ነው። በቃ፣ ይሄው ነው ሐሳቡ። እንዲህ አቅልሎ! ያን ቀን ያለቀሰችውን እንባ ቢያጠራቅሙት የአባቷን ጋን ይሞላ ነበር።

ከጊዜ በኋላ አንድ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ለትዳር ጠየቃት። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ልቡ ንጹሕ ሰው ነበር። ወደ እሱ ቤት እንግባ ሲላት «ቁም ሳጥኔ በበር አይወጣም» አለችው።

«አናጢ ጠርተን እናስፈታዋለን» አለ።

«አይፈታም።»

ጥቂት አያትና ሳቀ። «እንግዲያውስ እኔ እገባለሁ።»

ገባም። ኮቱን እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅሎ ዕድሜውን ኖረ። አንድም ቀን አላስከፋትም።

እሷም ስልከኛ ሆነች። የከተማውን ፍቅር፣ ጥል፣ ንግድና ሐዘን ሁሉ ያገናኘችው በጣቷ ነው። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ አዲስ የገባ መስመር ጠየቃት። ገመዱን ሰካች። በወዲያኛው በኩል ተነሣ።

«ሃሎ» አለ ድምፁ።

ስልክ ያስገባ አናጢ በዚያ ከተማ እሱ የመጀመሪያው ነበር፤ ምናልባትም በዓለም። ወንበር የሚያዝ ሰው በእግሩ መጥቶ ነው የሚያዘው፤ ለአናጢ ስልክ ምን ያደርግለታል? ሰዎች ጉራ ነው አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልከኛዋ ያን መስመር ባገናኘች ቁጥር «ሃሎ» እስኪል ትጠብቃለች። ትንፋሽ ትወስዳለች። ከዚያ ሳይንቀጠቀጥ፣ በተቃናው ድምፅ «ተገናኝተዋል፤ ይነጋገሩ» ትልና ትወጣለች። ለዓመታት። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረችም።

ስልከኛዋ የቁም ሳጥኑን በር ዘጋች። ኮሪደሩ ላይ የቤቱ ስልክ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ስለተሰጠ። ጉልበቷ እየጮኸባት አጠገቡ ተቀመጠች። ቁጥሩን ለማስታወስ አላሰበችም። ጣቷ ያውቀዋል። ይሠራ እንደሆነ፣ ሰውየውም በሕይወት ይኖር እንደሆነ ግን ጣቷ አያውቅም።

ጠራ። እንደገና ጠራ።

«ሃሎ?»

ጎርነን ብሏል፤ ግን እሱ ነው። ስልከኛዋ አፏን ከፈተች። የከተማውን ሕዝብ ሁሉ ያነጋገረች ሴት አንዲት ቃል አጣች።

«ሃሎ?» አለ እንደገና። ከዚያ በመስመሩ ላይ ዝምታ ሆነ። እሱም ያዳምጥ ነበር። ያችን ትንፋሽ።

«ተገናኝተናል» አለ ቀስ ብሎ። «ይነጋገሩ።»

ዐይኗን ጨፈነች። «ቁም ሳጥኑ… ሊወጣ ነው።»

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ የስልከኛ ሥልጠና አልወሰደም።

ዓርብ ጠዋት ልጇ በሩን ስትከፍት አንድ ረጅም ሽማግሌ ቆሟል። ሸሚዙ ከመታጠፊያው እንኳ ገና አልተዘረጋም፤ አዲስ ነው። ፀጉሩ በውሃ ተለጥፎ የተኛ ይመስላል። በእጁ ያው የመሣሪያ ሳጥን።

ስልከኛዋ ከኋላ ብቅ አለች። እሷም ልብሴን ሁሉ ሰጥቻለሁ ብላ ነበር፤ አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ግን ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

«እንደምን አደሩ» አለ ሚስማሬ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደሩ። ይግቡ።»

እንዲህ ተከባብረው ወደ ክፍሉ ገቡ። ልጅቱ ሰዓቷን ማየት ረስታ ተከተለቻቸው።

አናጢው ቁም ሳጥኑ ፊት ቆመ። መዳፉን በሩ ላይ አሳረፈና ቀስ አድርጎ አሻሸው፤ የፈረስ አንገት እንደሚዳስስ ሰው። ከዚያ ታችኛውን መሳቢያ አውጥቶ ክንዱን ወደ ጨለማው ሰደደ። በመዶሻው ሁለት ጊዜ ኳ፣ ኳ አደረገ። አውራ ጣት የምታህል የእንጨት ችንካር በእጁ ይዞ ወጣ።

ቁም ሳጥኑ በሙሉ ተነፈሰ። የጫኝና አውራጆቹ ጡንቻ ያልነቀነቀው ግንብ፣ እንደሚነቃ ሰው ትከሻውን ፈታ አደረገ።

«ይቺ ናት አለቃዋ» አለ። «እሷ ካልገባች አይቆምም፤ እሷ ካልወጣች አይፈታም።» ችንካሯን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጣት።

ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ እየፈታ ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ልጅቱ አላስቻላትም።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ከበሩ የሚሰፋ ቁም ሳጥን ክፍል ውስጥ መሥራት ስህተት አይደለም?»

«ስህተት ነው የኔ ልጅ» አለ አናጢው፣ ጀርባውን እንደሰጠ። «ልጅነት ነው። በሩን መለካት ረሳሁ።»

«ውሸታም!» አለች ስልከኛዋ።

ሁለቱም ዞሩ።

«በሩን ሁለት ጊዜ ለክተሃል። ጓሮ ቆሜ በመስኮት አይቼሃለሁ። ለክተህ ስታበቃ ነው ያሰፋኸው።»

ሚስማሬ ጆሮው ቀላ። በዚያ ዕድሜ ጆሮ ይቀላል ቢሉት የማያምን ካለ እሱ ላይ ይመልከት። «አይተሽኝ ነበር? አይተሽ ዝም አልሽ?»

«መች ዝም አልኩ? አባቴን ጠበበኝ፣ መሳቢያ ይጨመርልኝ፣ የኮፍያ ቦታ ይሠራልኝ ያለው ማን መሰለህ? በራሳቸው አስበው ነው እንዴ?»

መዶሻው ከእጁ ወርዶ ወለሉ ላይ ተጋደመ። ማንም አላነሣውም።

«ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም?» አለ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ያገባሽ ጊዜ ጠበቅኩ። ቁም ሳጥኑ ያለ እኔ አይወጣምና ትጠራኛለች አልኩ። መሮዬን ሳላወጣ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ። ስልክ ያስገባሁትም ስትፈልጊኝ እንድታገኚኝ ብዬ ነው። አንቺ ግን በየጊዜው ይነጋገሩ ትዪኝና ትሄጃለሽ።»

«ያኔ እዚሁ ቆመህ አልነበር? ምን አፍህን ያዘህ?»

«አንድ መሮና አንድ መጋዝ ነበረኝ። አባትሽን ምን ይዤ ልጠይቅ? እስክትጠሪኝ ድረስ ሰው እሆናለሁ ብዬ ነው።»

ስልከኛዋ ወደ ተፈቱት ሰሌዳዎች አየች። «እኔስ ምን ብዬ ልጥራህ? ናና ወደ ሌላ ሰው ቤት እንድገባ ዕቃዬን ፍታልኝ ልበልህ? በገዛ እጅህ?» ራሷን ነቀነቀች። «ያን ከማይ ብዬ ከዚህ ቤት ሳልወጣ ቀረሁ።»

ከግድግዳው ላይ፣ ቁም ሳጥኑ በቆመበት ልክ፣ ጥንት የተቀባው ቀለም ሳይደበዝዝ ታየ። የዚያን ክረምት ቢጫ ነበር።

«አባዬስ?» አለች ልጅቱ በቀጭን ድምፅ።

ስልከኛዋ እጇን ያዘች። «አባትሽን ወድጄው ኖሬአለሁ። የሱን ድርሻ ማንም አልነካበትም። ይሄ ከሱ በፊት የነበረ ነው።»

«እኔም ሚስቴን ቀብሬአለሁ» አለ አናጢው ለልጅቱ። «ደግ ሴት ነበረች። ለሷ የሠራሁት ቁም ሳጥን በበር ይወጣል።»

ልጅቱ ሳትፈልግ ሳቀች፤ ዐይኗን በእጅጌዋ ጠራርጋ ጫኝና አውራጆቹን ልትጠራ ወጣች።

«ለማን ልትሰጪው ነው?» አለ ሚስማሬ።

«እኔ የምገባባት ክፍል አትበቃውም። ላንተ ነው።»

ጎንበስ ብሎ አንዱን ሰሌዳ ሊያነሣ ሲል ክንዱን ያዘችው። «ቆይ እንጂ! ከዚህ ቤት ታሪኩን ሳይሰማ ዕቃ የወሰደ የለም።»

«ታሪክ አለው እንዴ?»

«ቁጭ በል።»

ወንበር ሁሉ ተሰጥቷል። ሁለት መሳቢያ ገልብጠው ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው እኩል ጮኸ።

«አንድ ክረምት» ብላ ጀመረች ስልከኛዋ፣ «አባቴ አንድ ጉረኛ አናጢ ይዘው መጡ…»

«መልከ መልካም ነበር?»

«አታቋርጠኝ። ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ ነበረበት። ሳየው ልጠርግለት እጄን ያሳክከኝ ነበር።»

«ምነው ታዲያ አልጠረግሽ?»

«እማማ!» አለ የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ከደጅ። «መኪናው እኮ መንገድ ዘግቷል!»

ታሪኩ ገና ከመነሻው ተቋረጠ። ሰሌዳዎቹ በዚያ ጠባብ በር እንደ ወረቀት እየሾለኩ ወጡ። በሩ ራሱ ሳያፍር አልቀረም። የመጨረሻው ከተጫነ በኋላ ሚስማሬ የመሣሪያ ሳጥኑን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወረ። ስልከኛዋ ይህን አየች። ያችን እንቅስቃሴ ታውቃታለች።

እጇን ዘርግታ መዳፏን ከፈተች። ችንካሯ እዚያ ነበረች።

«ይቺን ረስተሃል።»

«አልረሳሁም። ከመስኮቱ ላይ ስታነሺያት አይቼሻለሁ።»

ስልከኛዋ መዳፏን መልሳ ጨበጠች። አገጯን ቀና አደረገች፤ ድምፅዋ ተቃና፣ ለሰለሰ፣ አልተንቀጠቀጠም።

«ይሄ ቁም ሳጥን ያለ እኔ አይቆምም» አለች። «የምታቆመው ቀን ትጠራኛለህ።»

ሚስማሬ አያት። አሁንም በመሃላቸው አንድ ቃል ብቻ ነበር የጎደለው። የመሣሪያ ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠና የመኪናውን የፊት በር ከፈተ።

«አልጠራሽም» አለ። «ጥሪ ስንጠባበቅ ያለቀው ይበቃል። አሁኑኑ ነይ።»

ስልከኛዋ ወደ ቤቱ አየች፤ ባዶ ነው። የምትሰጠው ነገር አልቀረም። ሰማያዊ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እጁን ተደግፋ መኪናው ላይ ወጣች። ከመቀመጧ በፊት ግን ወደ ቅንድቡ እጇን ሰዳ የተቀመጠበትን ሰጋቱራ ጠረገችለት።

ልጅቱ ደረጃው ላይ ቆማ ጮኸች። «እማዬ! ወዴት ነው?»

«ቁም ሳጥን ላስገጥም!»

«ለራት ትደርሻለሽ?»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ስልከኛዋ ነጭ ፀጉሯን ነፋስ እያወዛወዘው ጭንቅላቷን በመስኮቱ አወጣች።

«እንደ ታሪኩ ርዝመት ነው!» አለች።